ፎቶ ኮፒ ቤት ሄደን ገመናችንን ጥለን እንዳንመጣ ምን እናድርግ?

ኮዬ ፈጬም ሆነ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም፣ ፕሪንተር ያለው ቤት ብዙ አይገኝም። ፋይዳ ለማሳተም፣ ሲቪ ለማውጣት፣ የኪራይ ውል ለማባዛት ብሎክ ሥር ወዳለችው ፎቶ ኮፒ ቤት እንወርዳለን። ወረፋ አለ። መብራቱም ሄድኩ ሄድኩ ይላል። ልጅቷ "ቴሌግራምዎን እዚህ ይክፈቱት" ትላለች። ይከፈታል፣ ይታተማል፣ ሂሳብ ተከፍሎ ይወጣል። አካውንቱ ግን እንደተከፈተ ቀረ። ከእናንተ በኋላ እዚያ የተቀመጠ ሁሉ ስለ ውሃ ኮሚቴው ለጓደኛችሁ ያማችሁትን ማንበብ፣ ሲያሰኘውም በስማችሁ መጻፍ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ከችኮላ እንጂ ከክፋት አይደለም። ጉዳቱ ግን ያው ነው።

1. ከዚህ በፊት ከፍታችሁ የተዋችሁት ካለ ዝጉት። ቴሌግራም ላይ ሴቲንግስ ገብታችሁ "ዲቫይስስ" የሚለውን ንኩ። አካውንታችሁ የተከፈተባቸው ስልኮችና ኮምፒውተሮች በሙሉ ይዘረዘራሉ። የቦታው ስም በግምት የሚቀመጥ ስለሆነ እሱን ብዙ አትመኑት፤ የመሣሪያውን ዓይነት እዩ። ቤታችሁ ኮምፒውተር ሳይኖር "ዊንዶውስ" የሚል ካያችሁ ጉዳዩ ግልጽ ነው። ከያዛችሁት ስልክ በቀር ሁሉንም የሚዘጋውን ቀይ ጽሑፍ ተጫኑ። እዚያው ገጽ ላይ፣ ለአንድ ሳምንት ያልተነካ መሣሪያ በራሱ እንዲዘጋ ማዘዝም ይቻላል።

ያላወቃችሁት መሣሪያ ከገባ ቶሎ በሉ። አዲስ የገባ መሣሪያ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ሌሎቹን ማስወጣት አይችልም። ከዚያ በኋላ ግን እናንተኑ ሊያባርራችሁ ይችላል።

2. ሁለተኛ የይለፍ ቃል አድርጉ። በ"ፕራይቨሲ ኤንድ ሴኩሪቲ" ሥር "ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን" አለ። ይህ ካለ፣ የመግቢያ ኮዱን ያገኘ ሰው ብቻውን አይገባም። ኢሜይል ማስገባት አትርሱ፤ የይለፍ ቃሉ የጠፋባችሁ ቀን የሚያወጣችሁ እሱ ነው።

3. አካውንታችሁን እዚያ አትክፈቱ፤ ፋይሉን ላኩ። ሱቁ የራሱ ዩዘርኔም አለው፣ ከስልካችሁ ላኩለት። ከመላካችሁ በፊት ስልክ ቁጥራችሁን ማንም እንዳያይ አድርጉ፤ እሱም እዚያው "ፕራይቨሲ" ውስጥ ነው። በፎቶ ሳይሆን በፋይል መልክ ላኩ፤ በፎቶ ሲሆን ጥራቱ ይቀንስና የመታወቂያው ጽሑፍ ይደበዝዛል።

ታትሞ ሲያልቅ መልእክቱን ከሁለታችሁም በኩል አጥፉ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ጨረስኩ ብሎ ይሄዳል። ኮምፒውተሩ ያወረደው ፋይል ግን አልጠፋም፤ "ዳውንሎድስ" ውስጥ "ቴሌግራም ዴስክቶፕ" በሚባል ፎልደር ተቀምጧል። ፎልደሩ ሲከፈት የሰፈሩን ሰው መታወቂያና ውል ተደርድሮ ልታዩት ትችላላችሁ። "እህቴ፣ ከዳውንሎድ አጥፊልኝ፣ ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ አድርጊልኝ" በሉ። ይሉኝታ አይያዛችሁ። የግል ሕይወት መከበር በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 26 የተጻፈ መብት ነው፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ወጥቷል። ግን አዋጅ ጠቅሳችሁ ወረፋውን ከምታስቆሙ "በናትሽ" ማለት ይሻላል።

የተበላሸውን ወረቀትም ውሰዱ። ቀለም የፈሰሰበት የፋይዳ ኮፒ ጀርባው ሂሳብ መደመሪያ ይሆናል።

4. ፋይዳ ከሆነ በስልካችሁ የሚመጣውን ኮድ ራሳችሁ አስገቡ። "ስልክዎን ይስጡኝ፣ እኔ አወጣዋለሁ" ሲሏችሁ አትስጡ። የሚመጣው ቁጥር እናንተ መሆናችሁን የሚያረጋግጥ ቁልፍ ነው። ቤታችሁ አውርዳችሁ ማሳተሙን ብቻ እዚያ ጨርሱ።

5. ኔትወርክ ከሌለ። ያጋጥማል። በየካቲት 2015 ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተዘግተው ለወራት ቆይተዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ብሉቱዝ ይበቃል፤ የሚሻገረው የመረጣችሁት ፋይል ብቻ ነው። በኬብል ሰክታችሁ "ፋይል ትራንስፈር" ካላችሁ ግን የስልካችሁ ፎቶና ዶክመንት ሁሉ ይታያል።

ፍላሽ ከያዛችሁ የሚታተመውን ብቻ ጫኑበት። ስትመለሱ ፋይሎቹ ሾርትከት ሆነው ካገኛችኋቸው አትክፈቷቸው። ቫይረስ ነው፤ ፎርማት አድርጉት።