የራክና የጣሪያ አንቴና ግራውንድ፦ ከሮዱ እስከ ልኬቱ

ክረምት በገባ ቁጥር ስዊች፣ ሬዲዮና የካሜራ መቅረጫ የሚቃጠልበት ሕንፃ ብዙውን ጊዜ ግራውንድ (ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ መስመር) አጥቶ ሳይሆን ሁለት ስላለው ነው። የመብራቱ ሮድ (መሬት ውስጥ የሚቀበረው የብረት ዘንግ) ቆጣሪው ሥር፣ የአንቴናው ደግሞ በጓሮ በኩል ተቀብሯል፤ ሁለቱን የሚያገናኝ ሽቦ ግን የለም። መብረቅ አጠገብ ሲወድቅ የአንዱ ሮድ ቮልቴጅ ከሌላው በብዙ ሺህ ቮልት ይለያል፤ ልዩነቱ የሚሻገረውም በኔትወርክ ኬብሉ በኩል ነው። ስዊቹ ሲከፈት ፖርቱ ጠቁሮ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለዚህ «ለኮምፒውተር ንጹሕ ግራውንድ ለብቻው ይቀበርለት» ቢሏችሁ አትስሙ። ተጨማሪ ሮድ መቅበር ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ከመብራቱ ግራውንድ ጋር ቢያንስ በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ መታሰር አለበት። የቴሌኮም ሥራ ዝርዝሮች የግራውንዱ ሬዚስታንስ (ጅረት ወደ መሬት እንዳይወርድ የሚያግደው) ብዙ ጊዜ 5 ኦምና ከዚያ በታች እንዲሆን ይጠይቃሉ። ቢገኝ መልካም፤ ነገር ግን ሁሉም የተሳሰረበት 15 ኦም ለብቻው ከቆመ 2 ኦም ዕቃውን በተሻለ ያድናል።

ለሮዱ 16 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 2.4 ሜትር ርዝመት ያለው፣ መዳብ የተለበጠ ብረት ግዙ። ፌሮ ቆርጦ መቅበር የተለመደ ቢሆንም፣ ከመራዊ እስከ ዳንግላና ቡሬ ባለው አሲዳማ ቀይ አፈር ውስጥ ቶሎ ይበላል። የአፈሩ ሬዚስቲቪቲ (ጅረትን የማገድ ባሕርይው) 100 ኦም ሜትር ቢሆን አንድ ሮድ 40 ኦም ገደማ ይሰጣል። ሦስት ሮድ በ5 ሜትር ርቀት በአንድ መስመር ብትመቱና ብታያይዙ ወደ 15 ኦም ይወርዳል። አንድ ሜትር ብቻ አራርቆ መደርደር ግን ብዙም አይረዳም፤ ሁሉም ያንኑ አፈር ይሻማሉ።

በደጀንና በቢቸና በኩል ያለው ዋልካ በክረምት ግሩም ነው። በበጋ ግን ይሰነጠቃል፣ የሮዱም የላይኛው ክፍል ከአፈሩ ይለያል። እዚያ ከብዛት ይልቅ ጥልቀት ይሻላል፦ ሁለት ሮድ በማያያዣ ቀጥሉና 4.8 ሜትር አውርዱ። ድንጋይ ከገጠማችሁ እስከ 45 ዲግሪ አዘንብላችሁ ምቱ፤ እምቢ ካለ 75 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ቦይ አግድም ቅበሩት። ጨውና ከሰል መጨመር ልማድ ሆኗል። ጨው ለጊዜው ኦሙን ይቀንሳል፣ ዝናቡ ግን አጥቦ ይወስደዋል፣ ብረቱንም ይበላል። ገንዘቡ ካለ ቤንቶናይት (እርጥበት የሚይዝ የሸክላ ዱቄት) ተጠቀሙ፤ ካልሆነም የተነፋ አፈር ጠቅጥቁበት።

ከሮዱ የሚመጣው ሽቦ ራኩ (ዕቃዎቹ የሚደረደሩበት የብረት መደርደሪያ) ባለበት ክፍል ግድግዳ ላይ ወዳለ የመዳብ ባስባር (የግራውንድ ሽቦዎች ሁሉ የሚታሰሩበት ጠፍጣፋ መዳብ) ይገባል። ባስባሩ 6 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 50 ሚሊ ሜትር ስፋት ይኑረው፤ በኢንሱሌተር (ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ መደገፊያ) ላይ ይቀመጥ። ከእሱ ወደ ራኩ ባለ 16፣ ከራኩ ወደ እያንዳንዱ ዕቃ ባለ 4 ወይም ባለ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ዘርጉ። ለእያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ሽቦ ይድረሰው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀጠለ ከሄደ አንዱ ሲነቀል ከኋላው ያሉት ሁሉ ባዶ ይቀራሉ።

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ላጉ (ሽቦው ጫፍ ላይ ተጨምቆ በብሎን የሚታሰረው ማያያዣ) ላይ ነው። የራኩ ቀለም ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ብሎኑ የሚያርፍበትን ቦታ ብረቱ ነጭ እስኪሆን በካርታ ቬትሮ ፋቁ፣ ባለ ሁለት ቀዳዳውን ላግ በጥርሳም ሮንዴላ አጥብቁ፣ እንዳይዝግ ስስ ግራሶ ቀቡት። ላጉ በክሪምፐር ይጨመቅ፤ በፒንሳ የተቀጠቀጠ ላግ ሽቦው ሲጎተት ይወጣል።

ጣሪያ ላይ የአንቴናውን ምሰሶና የቆርቆሮውን ጣሪያ ከግራውንዱ ጋር እሰሩ። ከአንቴናው የሚወርደው የኔትወርክ ኬብል ሺልድ (የብረት ሽፋን) ያለው ካት 6 ይሁን፤ ወደ ሕንፃው በሚገባበት ቦታ ላይ የሰርጅ (ድንገተኛ የቮልቴጅ ጭማሪ) መከላከያ ግጠሙ። የመከላከያው ግራውንድ ሽቦ ከግማሽ ሜትር አይብለጥ። ቀጥ ያለ ሽቦ በሜትር 1 ማይክሮ ሄንሪ ገደማ ኢንዳክታንስ (የጅረትን ፈጣን ለውጥ የመቃወም ባሕርይ) ስላለው፣ በማይክሮ ሰከንድ 10 ኪሎ አምፔር የሚያድግ የመብረቅ ጅረት በእያንዳንዱ ሜትር ላይ 10 ኪሎ ቮልት ይፈጥራል። ሽቦው ቢወፍርም ይህ ብዙ አይቀንስም፤ የሚጠቅመው ማሳጠር ነው። ትርፍ ሽቦ ተጠቅልሎ አይቀመጥ፤ ሲታጠፍም ራዲየሱ ከ20 ሳንቲ ሜትር አይነስ።

ፋይበር ራሱ ኤሌክትሪክ አያስገባም፤ አብሮት የሚመጣው የብረት ገመድ ግን ያስገባል። ውጭ ቆርጣችሁ አስቀሩት ወይም ከግራውንዱ ጋር እሰሩት።

ሁለት ሽቦ ብቻ በገባበት አሮጌ ቤት ሶኬቱ ውስጥ ኒውትራልን ከግራውንድ ቀዳዳ ጋር የሚያገናኙ አሉ። ኒውትራሉ መንገድ ላይ ከተበጠሰ የራኩ አካል 220 ቮልት ይሸከማል፤ ሰው ይገድላል። ሦስተኛ ሽቦ ከማከፋፈያው መጎተት ግድ ነው።

ሮዱን በመጋቢት ወይም በሚያዝያ ለኩ፤ በነሐሴ የተገኘ ቁጥር እርጥቡን አፈር ያሞግሳል። ግራውንዱ ተፈቶ ስለሚለካ መብራቱ ከዋናው ይጥፋ። የግራውንድ መለኪያውን የጅረት ካስማ ከሮዱ 30 ሜትር ላይ፣ የቮልቴጁን 18.6 ሜትር ላይ ምቱ። የቮልቴጁን ካስማ በ2 ሜትር ወደፊትና ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ፤ ንባቡ ብዙ ከተለወጠ የጅረቱን ካስማ አርቁ። ደመና ካለ ግራውንድ አይፈታም፤ ልኬቱ ለሌላ ቀን ይደር።

በመጨረሻ ከባስባሩ እስከ እያንዳንዱ ዕቃ አካል በመልቲሜትር ለኩ። መጀመሪያ ሁለቱን ጫፎች አነካክታችሁ የሚታየውን ቁጥር ቀንሱ። የቀረው ከዜሮ ብዙ ከራቀ ቀለሙ በደንብ አልተፋቀም ወይም ላጉ ላልቷል፤ ፍቱትና እንደገና እሰሩት።