ቁልቁል መውረድ ብቻ አይበቃም፦ በካርታ፣ በኮምፓስና በጂፒኤስ መንገድ ማግኘት

ድሬዳዋና ሐረር መሃል መጥፋት አይቻልም ብዬ አምን ነበር። ደንገጎ አናት ላይ ቆማችሁ ድሬ የት ናት? ታች ናት። በቃ ቁልቁል መውረድ ነው፣ ሌላ ምን አለው! አንድ ቅዳሜ እንዲህ ብለን ከጓደኛዬ ጋር ከአስፋልቱ ወጣን። ከሁለት ሰዓት በኋላ ደረቅ ወንዝ ውስጥ ነበርን፣ ወንዙም ድንገት ሦስት ሰው የሚያህል ገደል ሆነ። ስልኬ 6 በመቶ ቀርቶታል። ኔትወርክ የለም፣ ካርታውም ስላልተጫነ ሰማያዊዋ ነጥብ ባዶ ግራጫ ላይ ቁጭ ብላለች። ያለንበትን ታውቃለች፣ ለእኛ ግን ምንም አትነግረንም። ያወጣን አንድ ፍየል የሚጠብቅ ልጅ ነው። ወደ ላይ መለሰን፣ አንድ ሸንተረር አሻገረን፣ መንገዱን አሳየን። ከገደሉ እስከዚያ መንገድ ቢበዛ 400 ሜትር ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን ከሥሩ ተማርኩ። ብዙ ሰው ከጂፒኤስ ይጀምራል። እኔ የምመክረው በተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ ካርታ፣ ቀጥሎ ኮምፓስ፣ ጂፒኤሱ በመጨረሻ።

ካርታው

ለእግር መንገድ የሚሆነው 1፡50,000 ካርታ ነው። አዲስ አበባ፣ ድሮ ካርታ ሥራዎች እየተባለ ይጠራ የነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያዘጋጀው ማለቴ ነው። በዚህ ካርታ 2 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 1 ኪሎ ሜትር ነው።

መንገዱንና የቦታ ስሙን ለጊዜው ተዉት። ቡናማዎቹን መስመሮች እዩ። እያንዳንዱ መስመር እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች ያገናኛል። በአብዛኛው ከአንዱ መስመር ወደ ቀጣዩ 20 ሜትር ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ደግሞ ወደ 1,900 ትጠጋለች። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ቢያንስ 35 መስመር ትቆጥራላችሁ። መስመሮቹ ከተራራቁ መሬቱ ሜዳ ነው። ከተጠጋጉ ዳገት ነው። ተጣብቀው አንድ ወፍራም መስመር ከመሰሉ ግን ገደል ነው፣ በዚያ አትሂዱ። የእኛ ገደል እኮ ካርታው ላይ ቁልጭ ብሎ አለ! በኋላ ሳየው አፈርኩ።

ጀማሪን የሚያሳስተው ሸለቆና ሸንተረር ነው፤ ሁለቱም ካርታው ላይ የ«ቪ» ቅርጽ አላቸው። መለያው ቀላል ነው። የቪው ጫፍ ወደ ከፍታው ከጠቆመ ሸለቆ ነው፣ ውሃ ይወርድበታል። ወደ ዝቅታው ከጠቆመ ሸንተረር ነው። እንደ ደንገጎ ያለ ቦታ ሸለቆዎቹ ከላይ ሲያዩዋቸው መንትያ ናቸው። ስለዚህ ከመነሳታችሁ በፊት እስከ መድረሻችሁ ስንት ሸለቆ እንደምታቋርጡ ቁጠሩ። ስትሄዱ ደግሞ በጣታችሁ እየተከተላችሁ ቁጠሩ። አውራ ጣቴ ያለሁበት ቦታ ላይ ካልሆነ እቆማለሁ።

ኮምፓሱ

ግልጽ የፕላስቲክ መደብ ያለው፣ ቀለበቱ የሚዞር ኮምፓስ ይሻላል። አጠቃቀሙ እንዲህ ነው።

የመደቡን ጠርዝ ካርታው ላይ ካላችሁበት ወደምትሄዱበት አስደግፉት፣ መደቡ ላይ የተሳለው የጉዞ ቀስት ወደ መድረሻው ይጠቁም። ካርታውን እንደያዛችሁ ቀለበቱን አዙሩት፣ ውስጡ ያሉት መስመሮች ከካርታው የሰሜን መስመሮች ጋር እስኪስተካከሉ። የቀለበቱ ሰሜን ወደ ካርታው ሰሜን መሆኑን ደግማችሁ እዩ። እዚህ ጋ ተገልብጦባቸው በተቃራኒው የሄዱ ሰዎች አውቃለሁ፤ አንዱ እኔ ነኝ። አሁን ኮምፓሱን አንሱት፣ ደረታችሁ ላይ አግድም ያዙት፣ ከነሰውነታችሁ ዙሩ። ቀይዋ መርፌ ቀለበቱ ውስጥ በተሳለው ቀስት ውስጥ ስትገባ የጉዞ ቀስቱ መንገዳችሁን ያሳያል። ከዚያ መርፌ ላይ አፍጥጣችሁ አትሂዱ። በዚያ አቅጣጫ አንድ ግራር ወይም ቋጥኝ ምረጡ፣ እሱ ጋ ድረሱ፣ እንደገና ለኩ።

ስልክ፣ ቢላዋና የመኪና አካል መርፌዋን ስለሚስቡ ራቅ አድርጓቸው። መርፌዋ ወደ መግነጢሱ ሰሜን እንጂ ወደ እውነተኛው ሰሜን አትጠቁምም። በእኛ አካባቢ ልዩነቱ 3 ዲግሪ ቢደርስ ነው፣ ወደ ምሥራቅ። ይህንን ከካርታው ካገኛችሁት ዲግሪ ላይ ትቀንሳላችሁ። ብትረሱት በ1 ኪሎ ሜትር 50 ሜትር ያህል ትስታላችሁ። ለቅርብ መንገድ አያስጨንቅም፣ ለ5 ኪሎ ሜትር ግን ሌላ ሸለቆ ውስጥ ይከታችኋል። ሌላም አለ፦ አውሮፓ ለመጠቀም የተሠራ ኮምፓስ እዚህ መርፌዋ ዘመም ብላ መስታወቱን ልትነካ ትችላለች። ትንሽ ዘንበል ስታደርጉት ትለቃለች።

ያላችሁበት ከጠፋባችሁ የምታውቁትን ተራራ ፈልጉ። ከሐረር አካባቢ አየሩ ከጠራ አናቱ ጠፍጣፋ የሆነው ቁንዱዶ ጥሩ ምልክት ነው። በ60 ዲግሪ ካያችሁት 180 ጨምሩበት፣ 240 ይሆናል። ካርታው ላይ ከቁንዱዶ ተነስታችሁ በ240 መስመር ሳሉ። እናንተ መስመሩ ላይ ናችሁ። በሌላ ምልክት ሁለተኛ መስመር ስትስሉ የሚገናኙበት ቦታ ያላችሁበት ነው።

ኮምፓስ የሌለው ሰው የቀትር ጥላ ሁልጊዜ ሰሜን ያሳያል ሲባል ይሰማል። አቦ ተዉት! ከሚያዝያ መጀመሪያ ሳምንት በኋላ እስከ ነሐሴ 20 ገደማ ፀሐይ በቀትር ከእኛ በስተሰሜን ናት። በሰኔ ጥላችሁ ወደ ደቡብ ነው የሚወድቀው።

ጂፒኤሱ

የስልክ ጂፒኤስ ያለ ኔትወርክም ይሠራል። ከሳተላይት ይቀበላል እንጂ ከማማ አይደለም። የሚጎድለው ካርታው ነው። ስለዚህ ቤት ሆናችሁ፣ ዋይፋይ እያለ፣ የአካባቢውን ካርታ ኦርጋኒክ ማፕስ ወይም ኦስምአንድ በሚባል መተግበሪያ ላይ አውርዱ። መነሻችሁን መዝግቡ። ጉዞ ላይ ስልኩን አውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ባትሪ ይቆጥባል።

አሁን ብዙ ሰው ወደሚሳሳትበት እንምጣ። የድሬዳዋ ኬክሮስ 9 ዲግሪ ከ36 ደቂቃ ነው። በነጥብ ሲጻፍ 9.6 ነው እንጂ 9.36 አይደለም። 9.36 ብትጽፉ ወደ 27 ኪሎ ሜትር ደቡብ ወርዳችሁ የሐረር ትይዩ ልትሆኑ ምንም አልቀራችሁ። መሣሪያው አይከራከራችሁም፣ ዝም ብሎ ይመራችኋል።

ካርታው ላይ ያለውን የካሬ ቁጥር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። አንደኛ፣ የቆዩት የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባል ስሌት የተሠሩ ናቸው። ጂፒኤስ ሲገዛ በሌላ ነው የሚመጣው። ካላስተካከላችሁት ከ200 ሜትር በላይ ይለያያል። ሁለተኛ፣ የካሬ ቁጥሩ ዞን በሚባሉ ክፍሎች የተከፈለ ነው፣ በየዞኑም እንደ አዲስ ይቆጠራል። የሁለት ዞኖች ወሰን የሆነው 42ኛው የኬንትሮስ መስመር በድሬዳዋና በሐረር መሃል ያልፋል። ድሬ ዞን 37 ውስጥ ናት፣ ሐረር ዞን 38 ውስጥ። የምሥራቅ ቁጥሩ ድሬ ላይ ከ800 ሺህ በላይ ይሆንና ሐረር ላይ ከ200 ሺህ በታች ይወርዳል። አልተበላሸም፣ ዞን ተሻግራችሁ ነው።

መለማመጃው

የመጀመሪያ ቀን ደንገጎን አትሞክሩ። ሐኪም ጋራ ይሻላል። ጀጎልን ከላይ ታያላችሁ፣ ብትጠፉም ቤት ቅርብ ነው። በጠዋት ውጡ፣ ሳይመሽ ተመለሱ። የሐረር ጅብ ለማዳ ነው ቢባልም መንገድ አያሳይም። ለአንድ ሰው የት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ። በቂ ውሃ ያዙ። የጫት ማሳ ውስጥ ስትገቡ ባለቤቱን ሰላም ብላችሁ ፍቀዱልኝ በሉ። ደረቅ ወንዝ ውስጥ አትረፉ፤ ዝናቡ ከላይ ተራራው ላይ ጥሎ ጎርፉ ታች ይደርሳል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ የደቻቱ ወንዝ ድሬዳዋን በሌሊት ያጠቃት እንደዚያ ነው።

ከዚያ 100 ሜትር ለክታችሁ ግራ እግራችሁ ስንት ጊዜ እንደሚረግጥ ቁጠሩ። እኔ ሜዳ ላይ 64 ነኝ፣ ዳገት ላይ 80 እጠጋለሁ። ካርታው ላይ 500 ሜትር የሚርቅ ቦታ ምረጡ። በኮምፓስና በእርምጃ ብቻ ሂዱ፣ ስልኩ ኪስ ውስጥ ይቆይ። ደርሻለሁ ስትሉ ካርታው ላይ ነጥብ አድርጉ። አሁን ጂፒኤሱን ክፈቱና ከነጥባችሁ ምን ያህል እንደራቃችሁ እዩ። እኔ የመጀመሪያው ቀን 140 ሜትር ስቼ ነበር፣ ቀለበቱን ያዞርኩት ቸኩዬ ነው። አራተኛው ቅዳሜ 30 ሜትር ደረሰ። አምስተኛው ላይ ያንን የደንገጎ ገደል ከላይ ሆኜ፣ ከመድረሴ በፊት አየሁት።