ቼክ ኢንጂን ሲበራ፦ የአሮጌ መኪና ሴንሰርና ኮምፒውተር ባህር ዳር ላይ እንዴት ይፈተሻል?

አሮጌ መኪና ያለው ሰው ያቺን ቢጫ መብራት በደንብ ያውቃታል። ትበራለች፣ ጋራዥ ይኬዳል፣ ማሽን ይሰካል፣ «ሴንሰሩ ሞቷል፣ ገዝተህ አምጣ» ይባላል። ይገዛል፣ ይገጠማል። ሳምንት ሳይሞላ መብራቷ እንደገና ቦግ።

ማሽኑ አልዋሸም። እሱ የሚያውቀው የትኛው መስመር ላይ ያልጠበቀው ነገር እንዳየ ብቻ ነው። ሴንሰሩ (ሙቀትና ግፊት የመሳሰሉትን እየለካ ለመኪናው ኮምፒውተር የሚነግረው ዕቃ) ይበላሽ፣ ሽቦው ይላጥ፣ ሶኬቱ ይዛግ ለይቶ አይነግራችሁም። መለየቱ የሰው ሥራ ነው፤ ለብዙው ደግሞ የግድ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችንን ኮሮላና ቪትዝ ማስታመም የሁላችንም ዕጣ ሆኗል።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ጥቂት ናቸው፦ ቴስተር (የቮልት መለኪያ)፣ ከስልክ ጋር በብሉቱዝ የሚገናኝ ርካሽ የኮድ (ኮምፒውተሩ የሚመዘግበው የብልሽት ቁጥር) ማንበቢያ፣ ቁራጭ ሽቦ፣ የሽቦ ብሩሽ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ።

1. መጀመሪያ መብራቷን ፈትሹ

ቁልፉን ክፈቱ፣ ሞተሩን ግን አታስነሱ። ቼክ ኢንጂን ልትበራ ይገባል። ሞተሩ ሲነሳ ትጠፋለች። ቁልፉ ተከፍቶም ካልበራች ወይ አምፖሏ ተቃጥሏል፣ ወይ ኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ አላገኘም፣ ወይ ደግሞ አንድ ብልጥ ሻጭ ነቅሏታል። ያገለገለ መኪና ልትገዙ ስትሄዱ ይቺን አትርሱ።

2. ባትሪና ማሳ

ይህን ዘሎ ወደ ሴንሰር የሚሮጥ ሰው ገንዘቡን በከንቱ ያወጣል። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲሠራ ከ13.5 እስከ 14.5 ካልደረሰ ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞ ተጠራጠሩ። ኮምፒውተር ቮልት ሲያንሰው ይቃዣል፤ ያልተበላሸውን ተበላሸ ይላል።

ቀጥሎ ማሳ፣ ማለትም የባትሪው ኔጌቲቭ ከሞተሩ ብረት ጋር የሚገናኝበት መስመር። ሞተሩን አስነሱ፣ የፊት መብራትና ማራገቢያ ክፈቱ። የቴስተሩን አንድ እግር ባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ አድርጉ። 0.1 ወይም 0.2 ቮልት ቢሆን ይሁን። ከዚያ ካለፈ የማሳ ሽቦው ልል ነው ወይ ዝጓል። ክረምታችን እርጥብ ነው፤ በዚያ ላይ መኪና ሲታጠብ ኮፈን ተከፍቶ ሞተሩ ላይ ውሃ በግፊት ይለቀቃል። ሽቦው ከብረቱ ጋር የሚገናኝበት ቦታ አረንጓዴ ዱቄት የለበሰ ከሆነ ፈትታችሁ በብሩሽ አጽዱት፣ መልሳችሁ አጥብቁት። ብዙ «የኮምፒውተር ችግር» እዚህ ላይ ያልቃል።

3. ኮዱን አንብቡ፣ ግን አታጥፉት

ለአሜሪካ ገበያ ከ1996፣ ለአውሮፓ ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠሩ የቤንዚን መኪኖች ከመሪው ሥር ባለ 16 ቀዳዳ ሶኬት አላቸው። ማንበቢያውን እዚያ ሰኩ። የማንበቢያው መብራት ካልበራ የሲጋራ ማቀጣጠያውን ፊውዝ እዩ፤ በብዙ መኪኖች ሁለቱ አንድ ፊውዝ ይጋራሉ። የወጣውን ኮድ ጻፉ። ችግሩ በተፈጠረበት ቅጽበት የተመዘገበ ፍጥነትና ሙቀት ካለም አብራችሁ ጻፉ። ኮድ ማጥፋት ማስረጃ ማጥፋት ነው።

ከዚያ በፊት ለተሠሩ ቶዮታዎች ማሽን እንኳ አያስፈልግም። ኮፈኑ ሥር «ዲያግኖስቲክ» የተጻፈባት ትንሽ ሳጥን አለች። ክዳኗ ላይ ያለውን ሥዕል እያያችሁ ቲኢ1 እና ኢ1 የተባሉትን ቀዳዳዎች በቁራጭ ሽቦ አገናኙ፣ ቁልፉን ክፈቱ፣ ቼክ ኢንጂን ስትጠቅስ ቁጠሩ። ሁለቴ ጠቅሳ፣ አርፋ፣ ደግማ ሁለቴ ከጠቀሰች 22 ማለት ነው፤ የሞተር ውሃ ሙቀት ሴንሰር። 21 ጭሱ ውስጥ የቀረውን ኦክስጅን የሚለካው ኦክስጅን ሴንሰር፣ 41 የቤንዚን መርገጫውን የሚከተለው የትሮትል ሴንሰር ነው። ሳታርፍ እኩል እኩል ከጠቀሰች ምንም የተመዘገበ ችግር የለም። ቀዳዳ ተሳስቶ ማገናኘት ግን ሌላ ጣጣ ያመጣል፣ አትቸኩሉ።

4. ቁጥሩን ከእውነታው ጋር አስተያዩ

ዋናው ሥራ ይህ ነው። ማንበቢያው ኮድ ብቻ ሳይሆን ኮምፒውተሩ በዚያች ሰዓት የሚያየውን ቁጥር ሁሉ ያሳያል።

ጠዋት፣ መኪናው ሌሊቱን ካደረ በኋላ፣ የሞተር ውሃና የሚገባው አየር ሙቀት ተቀራራቢ መሆን አለበት። ውሃው ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ ካሳየ፣ እንኳን ባህር ዳር ጉና ተራራ ላይም እንዲህ ያለ ብርድ የለም። መስመሩ ተቆርጧል ማለት ነው፤ ኮዱም አብዛኛውን ጊዜ ፒ0118 ይሆናል። አሁን የሴንሰሩን ሶኬት ንቀሉና ሁለቱን የሽቦ ጫፎች በቁራጭ ሽቦ አገናኙ። ቁጥሩ ዘሎ ከመቶ በላይ ከወጣ ሽቦውም ኮምፒውተሩም ደህና ናቸው፤ ጥፋተኛው ሴንሰሩ ነው፣ ያኔ ግዙ። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ አዲስ ሴንሰር አያድናችሁም፣ ሽቦውን ተከተሉ። ይህ ዘዴ የሚሠራው ባለ ሁለት ሽቦ የሙቀት ሴንሰር ላይ ብቻ ነው።

ሌላው የእኛን አገር ሰው የሚያሳስተው የማፕ ሴንሰር ነው፤ የአየር ግፊት የሚለካው። መጻሕፍቱ ቁልፍ ተከፍቶ ሞተር ሳይነሳ 101 ኪሎፓስካል ያሳያል ይላሉ። ያ ለባሕር ወለል ነው። ባህር ዳር ከባሕር ወለል 1,800 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች፤ እዚህ ትክክለኛው ቁጥር 81 ወይም 82 አካባቢ ነው። ደብረ ታቦር ስትወጡ ከዚህም ይወርዳል። ስለዚህ 82 አይታችሁ «ሞቷል» የሚል ካለ አትስሙት። ይልቅ ጣና ዳር ቆማችሁ 100 ካያችሁ ያኔ ጠርጥሩ። ሞተሩ ተነስቶ በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ) ሲሠራ ቁጥሩ ወደ 30ዎቹ መውረድ አለበት፤ ካልወረደ የቫኪውም ቱቦው ተሰንጥቆ ወይም ተነቅሎ ይሆናል።

ኦክስጅን ሴንሰር በ0.1 እና በ0.9 ቮልት መካከል መዋዠቁ ጤንነቱ ነው። ፒ0171 ሲመጣ ብዙዎች እሱን ይቀይራሉ። ኮዱ የሚለው ግን አየር በዝቷል ወይም ቤንዚን አንሷል ነው፤ መጀመሪያ የተሰነጠቀ ቱቦ ፈልጉ።

ሞተሩ ሲሞቅ ድንገት ጠፍቶ ሲበርድ ከተነሳስ? ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) እያዞረ ማንበቢያው ላይ የሞተሩን ዙር እዩ። ዜሮ ከሆነ ኮምፒውተሩ የሞተሩን ዙር ከሚነግረው ከክራንክ ሴንሰሩ ምንም መልእክት እያገኘ አይደለም።

ከሁሉም በኋላ፣ ሞተሩ እየሠራ ቁጥሩን እያያችሁ የሽቦውን እሽግ በእጃችሁ ነቅነቅ አድርጉ፤ ከማራገቢያና ከቀበቶ ራቁ። ቁጥሩ የዘለለበት ቦታ በሽታው ያለበት ነው።

5. ኮምፒውተሩ መጨረሻ ላይ

ኮምፒውተር እንደሚባለው ቶሎ አይሞትም። ሴንሰሮች ላይ መድረስ ያለበት 5 ቮልት ከጠፋ ባለ ሦስት ሽቦ ሴንሰሮችን አንድ በአንድ ንቀሉ። አንዱ ሲነቀል 5 ቮልቱ ከተመለሰ ሌሎቹን አፍኖ የያዘው እሱ ነበር። ማሳው፣ ፊውዙ፣ ሽቦው ሁሉ ተፈትሾ 5 ቮልቱ ካልተመለሰ ብቻ የኮምፒውተሩን ሳጥን ክፈቱ። እርጥበት፣ ዝገት፣ ያበጠ ወይም ያፈሰሰ ካፓሲተር (ሰሌዳው ላይ የቆመ ትንሽ ጣሳ መሳይ ዕቃ) ፈልጉ። ያፈሰሰ ካፓሲተር ዓሣ ዓሣ ይሸታል፤ ባህር ዳር የዓሣ ሽታ ብርቅ ባይሆንም ከመኪና ኮምፒውተር ውስጥ ሲመጣ ግን ጥሩ አይደለም። ካፓሲተር መቀየር ጎበዝ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኝ የሚሠራው ሥራ ነው።

ያገለገለ ኮምፒውተር የምትገዙ ከሆነ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር ከእናንተው ጋር አንድ ይሁን። ቁልፉ ውስጥ ቺፕ ያለው መኪና ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ከአዲሱ ኮምፒውተር ጋር የሚያስተዋውቅ ባለሙያ ሳታገኙ ብር እንዳትከፍሉ፤ ተገጥሞም ሞተሩ አይነሳም።

ጥገናው ሲያልቅ ኮዱን አጥፉ። ከዚያ ጠዋት በብርዱ አስነስታችሁ እስከ ወረታ ደርሳችሁ ተመለሱና እንደገና አንብቡ። መብራቷ ሳትበራ «በመጠባበቅ ላይ» የሚል ኮድ ካገኛችሁ ችግሩ ገና አልለቀቀም። የጻፋችሁትን ወረቀት ይዛችሁ ወደ መካኒኩ ሂዱ፤ ቁጥር ይዞ ለሚመጣ ሰው «ገዝተህ አምጣ» ማለት ይከብዳል።