ጥቁርና ነጩ ፎቶ ፎርማት ሲቀየር ግራጫው የት ይሄዳል?

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ወዳለችው ትንሽ ሱቃችን ገቡ። የአባታቸው ሙት ዓመት ደርሶ ትልቅ ፎቶ ማሳተም ፈልገዋል። በፍላሽ ያመጡትን ፋይል ከፈትኩት። የሰውዬው ፊት ጥላሸት፣ የለበሱት ነጠላ ደግሞ ኖራ ሆኗል።

«እናቴ፣ ዋናው ፎቶም እንዲህ ነው?» አልኳቸው።

ከቦርሳቸው በመሐረብ የተጠቀለለ፣ ዳር ዳሩ እንደ መጋዝ ጥርስ የተቆራረጠ ፎቶ አወጡ። ድሮ ፒያሳ ስቱዲዮ የተነሱት ነው። እሱ ላይ የነጠላው እጥፋት አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ሰፈር ነው ስካን ያስደረግኩት፤ ልጁ ጥቁርና ነጭ አድርጌልሻለሁ ብሎኛል» አሉ።

ጣጣው ከስሙ ይጀምራል። «ጥቁርና ነጭ» እንላለን እንጂ እንዲህ ያለ ፎቶ ላይ ድፍን ጥቁርና ድፍን ነጭ ጥቂት ነው። የቀረው ግራጫ ነው። በኮምፒውተር ተራው ግሬይስኬል (በግራጫ ደረጃዎች ብቻ የተሠራ) ፋይል 8 ቢት (0 ወይም 1 የሚይዝ ትንሹ የመረጃ ቤት) ነው። ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ነጭ) 256 ደረጃ ይይዛል። ፎርማት ሲቀየር «ጥራቱ ወረደ» የምንለው አብዛኛውን ጊዜ ከእነዚህ ደረጃዎች የተወሰኑት ጠፍተው ነው። እኔ የተበላሸ ፋይል ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ግራጫው የት ላይ ጠፋ ብዬ ነው።

«ፊቱ ጥላሸት፣ ልብሱ ኖራ ሆነ»

የሴትዮዋ ችግር ይሄ ነው። ስካነሩ ላይ ብዙ ጊዜ ሦስት ምርጫ አለ፦ ቀለም፣ ግሬይስኬል፣ ጥቁርና ነጭ። ሦስተኛው የተሠራው ለደብዳቤና ለውል ነው፤ ለፎቶ አይደለም። ለእያንዳንዱ ፒክስል (ፎቶው ለተሠራባት ትንሽ ነጥብ) 1 ቢት ብቻ ይሰጣል። ወይ ጥቁር ነህ ወይ ነጭ፣ መሐል የለም። እውነት ለመናገር ልጁ ላይ አልፈርድም። «ጥቁርና ነጭ ፎቶ» ይዘው ለመጡ ሰው «ጥቁርና ነጭ» የሚለውን መጫን ትክክል ይመስላል።

ለማረጋገጥ ዊንዶውስ ላይ ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርጉ፤ ፕሮፐርቲስ፣ ቀጥሎ ዲቴይልስ ግቡና ቢት ዴፕዝ የሚለውን እዩ። 1 ካለ ነገሩ አልቋል። ያንን ፋይል ወደ ጄፔግም (JPEG) ቀይሩት ወደ ፒኤንጂ (PNG)፣ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። መድኃኒቱ ዋናውን ፎቶ እንደገና ስካን ማድረግ ነው።

እኔም እሱን አደረግኩ። በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ በግራጫ ሳይሆን በሙሉ ቀለም። ለምን በቀለም? ፎቶው ወይቧል፣ ጥጉ ላይ ደግሞ የቡና ጠብታ አለ። ቢጫ ነገር ሰማያዊ ብርሃንን ይውጣል። ስለዚህ ፎቶሾፕ ወይም ጊምፕ ውስጥ ቻነሎቹን (ፎቶው የተሠራባቸውን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ክፍሎች) ለየብቻ ስታዩ፣ ሰማያዊው ላይ ጠብታው ጥቁር እድፍ ነው፤ ቀዩ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ዝም ብላችሁ ግሬይስኬል ካደረጋችሁት ብዙ ፕሮግራም ሦስቱን ይቀላቅላል። የተለመደው ልኬት ቀይ 0.299፣ አረንጓዴ 0.587፣ ሰማያዊ 0.114 ነው። እድፉም አብሮ ይገባል። ቀዩን ቻነል ብቻ ወስዳችሁ ግራጫ ብታደርጉት ግማሽ ሥራችሁ አለቀ።

ከዚያ የቀለም መልቀሚያውን (የአንድን ነጥብ ደረጃ የሚያነበውን መሣሪያ) ነጠላው ላይ አሳረፍኩት፦ 228። እጥፋቱ ውስጥ 214። ጉንጫቸው 62፣ የአፍንጫቸው ጥላ 41። ነጠላውንና እጥፋቱን የሚለያቸው 14 ደረጃ ብቻ ነው። 1 ቢት ግን ከግማሽ በላይ ያለውን ሁሉ ነጭ፣ በታች ያለውን ሁሉ ጥቁር ያደርጋል። እጥፋቱም ነጭ፣ ጉንጩም አፍንጫውም ጥቁር።

«መጋረጃው ላይ ደረጃ ደረጃ ወጣ»

የስቱዲዮ መጋረጃ ቀስ እያለ ከብርሃን ወደ ጨለማ የሚሄድ ነው። ደረጃዎች ሲጎድሉ መጀመሪያ የሚያሳብቀው እሱ ነው፤ ለስላሳው ነገር እንደ እርከን እርሻ ይሆናል።

አንዱ ምክንያት ጊፍ (GIF) የሚባለው ፎርማት ነው። ጊፍ ቢበዛ 256 ቀለም ይይዛል። ግራጫውም 256 ነው፣ ስለዚህ በመርህ ደረጃ ምንም መጥፋት የለበትም። ግን አንዳንድ መቀየሪያ የድሮውን የዌብ ቀለም ሰንጠረዥ ይመርጣል። እዚያ ውስጥ ካሉት 216 ቀለሞች ጥቁርና ነጭን ጨምሮ ግራጫ የሆኑት 6 ብቻ ናቸው። መጋረጃውን በስድስት ደረጃ ሣሉት እንግዲህ! ሰንጠረዡን ወደ ግራጫ ለውጡ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ጊፉን ተዉትና በፒኤንጂ አስቀምጡ፤ ምንም አይጥልም።

ሁለተኛው ምክንያት ረቀቅ ይላል፤ ባለሙያ የሚባለውም ይሳሳትበታል። የደበዘዘ ፎቶ ከ90 እስከ 170 ያለውን ብቻ ይጠቀማል እንበል። ያ 81 ደረጃ ነው። በ8 ቢት ላይ ሆናችሁ ከ0 እስከ 255 ስትለጥጡት ያው 81 ደረጃ ነው የሚበታተነው፤ በመሐሉ ክፍተት ይፈጠራል። ሂስቶግራሙን (በየደረጃው ስንት ፒክስል እንዳለ የሚያሳየውን ግራፍ) ክፈቱት፣ እንደ ሚዶ ጥርስ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ስለዚህ ስካነራችሁ ከቻለ በ16 ቢት ስካን አድርጉ። እዚያ ለእያንዳንዱ ቻነል 65,536 ደረጃ ስላለ ቢለጠጥም ይበቃል። ብርሃንና ጥላውን በቲፍ (TIFF) ወይም በፒኤንጂ ላይ አስተካክሉ፣ ወደ 8 ቢት የምትወርዱት መጨረሻ ላይ ነው። የተለመደው ጄፔግ 8 ቢት ብቻ ነው፤ ገና ሥራ ሳይጀመር ወደ ጄፔግ መቸኮል ደረጃውን መጣል ነው።

«ዓይኑ ዙሪያ አቧራ በዛ፣ ፊቱ በካሬ ተከፋፈለ»

የጄፔግ ሥራ ነው። ጄፔግ ፎቶውን 8 በ8 ፒክስል በሆኑ ካሬዎች ይከፋፍልና ከየካሬው ዓይን አያስተውለውም ያለውን ይጥላል። ጥራቱን ዝቅ ስታደርጉ ካሬዎቹ ብቅ ይላሉ፤ ዓይንና ቅንድብ ዙሪያ ደግሞ አቧራ የሚመስል ነገር ይነሳል። የፊት ጥላ ላይ ያለው ስስ ልዩነት ቶሎ ስለሚጠረግ የእኛ ጠይም ፊት በጣም ይጎዳል። እያስተካከሉ ደጋግሞ ሴቭ ማድረግ ደግሞ ይብሳል።

ቴሌግራምም አለ። በ«ፎቶ» ከላካችሁት አሳንሶ፣ እንደገና አምቆ ነው የሚያደርሰው። በ«ፋይል» ላኩት፤ እንዳለ ይደርሳል። ዋናውን ሁልጊዜ በቲፍ ወይም በፒኤንጂ ያዙ፣ ጄፔጉን ከእሱ አንዴ ብቻ አውጡ፣ ጥራቱንም ከ90 አታውርዱት። የተበላሸን ጄፔግ ወደ ፒኤንጂ መቀየር ብልሽቱን በክብር ማስቀመጥ ነው፤ የሚጨምረው የፋይሉ ክብደት ብቻ ነው።

«እኔ ጋ ደህና ነው፣ እዚያ ጠቆረ»

እዚህ የጠፋ ግራጫ የለም፤ ቁጥሩ የተነበበበት መንገድ ነው የተለየው። የትኛው ቁጥር ምን ያህል ብርሃን እንደሆነ የሚናገረው መመሪያ ፕሮፋይል ይባላል። አንዱ ፕሮግራም ፋይሉን ለስክሪን በሚሆነው ግሬይ ጋማ 2.2፣ ሌላው ለማተሚያ ቤት ቀለም በተሠራው ዶት ጌይን 20% ያነበዋል። ፎርማት ሲቀየር ፕሮፋይሉ ከወደቀ ያው ይፈጠራል። ሴቭ ስታደርጉ ፕሮፋይሉ አብሮ እንዲገባ ምልክት አድርጉ። ለስልክና ለድረ ገጽ ከሆነ ወደ ኤስአርጂቢ (sRGB፣ ለስክሪን የተለመደው ፕሮፋይል) ቀይሩት። «አሳይን» ሳይሆን «ኮንቨርት» የሚለውን ተጫኑ። አሳይን ቁጥሩን ሳይነካ ስሙን ብቻ ይለውጣል፣ መልኩም ይዘላል።

«ሲታተም አረንጓዴ መሰለ»

ፋይሉን አትውቀሱ። ፕሪንተሩ ግራጫውን ከባለ ቀለም ቀለሞቹ እየቀላቀለ ነው የሠራው፤ አንዱ ትንሽ ካመዘነ መልኩ ይዞራል። የፕሪንተሩ ምርጫ ውስጥ ግሬይስኬል ወይም ጥቁር ቀለም ብቻ የሚለውን ሞክሩ። የሴትዮዋ የመጀመሪያው ሙከራ እንዲህ ወጥቶ ነበር፣ አንድ ወረቀት ከሰርን።

ፍላሻቸው ላይ ሁለት ፋይል አኖርኩላቸው። ትልቁን ቲፍ «ዋናው፣ አይነካ» አልኩት። ትንሹ ጄፔግ ነው።

«ውጭ ላለው ወንድሜ የትኛውን ልላክለት፣ ልጄ?»

«ትንሹን፣ በፋይል» አልኳቸው። ስልካቸውን ተቀብዬ እኔው ላኩላቸው።