የጊኒ ፒግ ቤት፦ ከሽቦ ፍርግርግና ከፕላስቲክ ሰሌዳ

ልጆቹ ጊኒ ፒግ (ጅራት የሌላት፣ ሣር የምትበላ ትንሽ የቤት እንስሳ) ካልተገዛልን ብለው ወጥረው ይዘዋችኋል እንበል። የእንስሳት መሸጫው ውስጥ ስትገቡ መጀመሪያ የሚቀርብላችሁ ከጎን የተደረደረው ኬጅ ነው። ካርቶኑ ላይ ሁለት የሚያማምሩ ጊኒ ፒጎች ተስለውበታል፣ ዋጋውም የሚቀመስ አይደለም። ተዉት። አብዛኛው ለአንዱም ይጠባል፣ ለሁለት ከሆነማ እስር ቤት ነው። በዚያው ገንዘብ፣ ብዙ ጊዜም ባነሰ፣ እጥፍ የሚሰፋ ቤት ሳሎን ወለል ላይ ቁጭ ብላችሁ በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ትጨርሳላችሁ። እዚህ አሜሪካ ጊኒ ፒግ የሚያሳድጉ ሰዎች «ሲ ኤንድ ሲ» የሚሉት አሠራር ነው፤ ግድግዳው የሽቦ ፍርግርግ፣ ወለሉ ኮሮፕላስት የሚባል የፕላስቲክ ሰሌዳ።

ስለ ስፋት አንዴ እንግባባ። ጊኒ ፒግ እንደ ሃምስተር አይንጠላጠልም፣ መንኮራኩር ላይም አይሮጥም፣ ቢሞክር ጀርባውን ነው የሚጎዳው። እሱ የሚፈልገው ቀጥ ብሎ የሚሮጥበት ሜዳ ነው። ስለዚህ ሦስት ፎቅ ያለው ኬጅ ቢያምርም ዋናው ወለሉ ነው። ለሁለት ጊኒ ፒግ ቢያንስ 7.5 ስኩዌር ጫማ ያስፈልጋል ይባላል፣ እኔ ግን 10.5 አካባቢ የሚሆነውን ሥሩ እላለሁ። ሁለት ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም። በመንጋ የሚኖር እንስሳ ስለሆነ ብቻውን ሲሆን ይደብተዋል፤ ስዊዘርላንድ ውስጥ እንዲያውም አንዱን ብቻውን ማኖር በሕግ ክልክል ነው። ሁለቱም ሴት ወይም ሁለቱም ወንድ ይሁኑ። ካልሆነ ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ቤቱን ማስፋት ሊኖርባችሁ ነው። ሻጩ «ሁለቱም ሴት ናቸው» ቢላችሁም የእንስሳት ሐኪም ይይላችሁ፣ መሳሳት የተለመደ ነው።

ግዢው ቀላል ነው። ፍርግርጉ ልብስና ጫማ መደርደሪያ ተብሎ በፓኬት የሚሸጠው፣ እየተገጣጠመ ኪዩብ የሚሠራው የሽቦ መደርደሪያ ነው፤ እያንዳንዱ 14 ኢንች በ14 ኢንች ነው። ስትገዙ ቀዳዳውን ለኩ። ከ1.5 ኢንች በላይ ከሆነ መልሱት፣ ትንንሾቹ ጭንቅላታቸውን ያስገቡና ይታነቃሉ፣ ሊሞቱም ይችላሉ። ኮሮፕላስት ደግሞ በምርጫ ሰሞን ሰው ደጅ ላይ የሚተከለው የእጩዎች ማስታወቂያ የሚሠራበት፣ ውስጡ እንደ ካርቶን ክፍት የሆነ የፕላስቲክ ሰሌዳ ነው። ማስታወቂያ የሚሠሩ ሱቆችና ትልልቅ የግንባታ ዕቃ መደብሮች 4 በ8 ጫማ የሆነውን ይሸጣሉ። ሙሉው ሰሌዳ ብዙ መኪና ውስጥ አይገባም፣ ስለዚህ ከሚያስፈልጋችሁ ሰፋ አድርጋችሁ እዚያው አስቆርጡት፤ ትክክለኛውን ልክ ቤት ትቆርጣላችሁ። ከዚያ ውጪ የፕላስቲክ ማሰሪያ (ኬብል የሚታሰርበት ዚፕ ታይ)፣ ካተር፣ ሜትር፣ ማርከርና ሰፊ የካርቶን ፕላስተር ይበቃል።

መጀመሪያ ግድግዳውን አቁሙ። በረጅሙ ጎን አራት አራት፣ በአጭሩ ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 12 ፍርግርግ። ከፓኬቱ ጋር የሚመጣው ክብ የፕላስቲክ መያዣ ለብቻው አያስተማምንም፣ ልጆች ሲደገፉት ይወልቃል። ስለዚህ እያንዳንዱን መጋጠሚያ ከላይ፣ ከመሀልና ከታች በዚፕ ታይ እሰሩት። የተረፈውን ጫፍ ሥሩ ድረስ ቁረጡና ቋጠሮውን ወደ ውጪ አዙሩት፣ የተቆረጠ ዚፕ ታይ እጅ ይቧጭራል፣ እንስሶቹም ማኘክ ይወዳሉ። ከፊት ለፊት አንዱን ፍርግርግ ከታች ብቻ እሰሩትና ከላይ በመቆንጠጫ ያዙት፣ በር ይሆናል።

አሁን የውስጡን ስፋት ለኩ። ኮሮፕላስቱን ግድግዳው ከመቆሙ በፊት በልኩ አትቁረጡ፣ ምክንያቱም መጋጠሚያዎቹ ከፓኬት ፓኬት ስለሚለያዩ የእናንተው ቤት ኢንተርኔት ላይ ካለው ልኬት በአንድ ኢንች ሊበልጥ ወይም ሊያንስ ይችላል፣ አንድ ኢንች ደግሞ ከኮሮፕላስቱ የሚታጠፈውን የወለል ሳህን ወይ እንዲጎብጥ ወይ ክፍተት እንዲተው ያደርገዋል። አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ወደ 27 በ56 ኢንች ይሆናል። በአራቱም ጎን ለጠርዝ የሚታጠፍ 6 ኢንች ጨምሩበት፤ ስለዚህ የሚቆረጠው 39 በ68 ነው። ጠርዙ ባይኖር ሰጋቱራውና ድርቆሹ ምንጣፋችሁ ላይ ነው የሚያድረው።

አቆራረጡ እንዲህ ነው። ከየጠርዙ 6 ኢንች ገባ ብላችሁ አራት መስመር አስምሩ። በመስመሩ ላይ ካተሩን ቀስ አድርጋችሁ ሂዱበት፣ የላይኛውን ስስ ፕላስቲክ ብቻ ነው የምትቆርጡት፣ ሁለተኛው መነካት የለበትም። ካተሩ አዲስ ይሁን፣ የደነዘዘ ስለት ያንሸራትታል። ማዕዘኖቹ ላይ መስመሮቹ ሲገናኙ የሚፈጠረው ባለ 6 ኢንች ካሬ አለ፤ የዚያን ካሬ አንዱን ጎን ብቻ ሙሉ በሙሉ ቁረጡት፣ ክንፍ ይሆናል። ከዚያ ሰሌዳውን ገልብጡና ጠርዙን ወደ ላይ እጠፉት፣ የተቆረጠው መስመር በውጪ በኩል እንዲቀር። ክንፉን በጎኑ ላይ አጥፋችሁ በውጪ በኩል በፕላስተር ለጥፉ። በውስጥ ከለጠፋችሁት እስከ ሳምንት መጨረሻ በልተው ይጨርሱታል። ሳህኑን ፍርግርጉ ውስጥ አስቀምጡት። ቤቱ ቆመ።

የሽቦ ወለል ግን በጭራሽ። ሽቦ ላይ የሚቆም ጊኒ ፒግ መዳፉ ይቆስላል፣ ቁስሉም ቶሎ አይድንም።

ምንጣፉ ላይ ሰው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወገን የወረቀት ወይም የአስፐን ሰጋቱራ ይደፋል፣ ይህ ምንም ችግር የለበትም፣ በየሳምንቱ መግዛት ግን አለ። ሴዳር የሚባለው ሽታው የሚያውድ እንጨት አይሁን እንጂ፤ ሽታው ለእኛ ደስ ይላል፣ ለእነሱ ሳንባ ግን መርዝ ነው። ሌላው ወገን ፍሊስ ብርድ ልብስ ያነጥፋል። እኔ ከዚህኛው ነኝ፣ ግን ሰዎች የሚረሱት ነገር አለ። አዲስ ፍሊስ ውሃ አያሳልፍም፣ ሽንቱ ላዩ ላይ ይቆማል። ያለ ማለስለሻ ሦስት አራት ጊዜ በሙቅ ውሃ እጠቡት፣ ከዚያ ጠብታ ውሃ ጣሉበት፤ ወዲያው ወደ ታች ከጠለቀ ደርሷል። ከሥሩ ደግሞ አሮጌ ፎጣ ሁለት ሦስት ድርብ አድርጋችሁ አንጥፉ፣ እርጥበቱን የሚይዘው እሱ ነው። ወደ ማጠቢያ ማሽኑ ከማስገባታችሁ በፊት በደንብ አራግፉት፤ የጋራ ማጠቢያ ባለው አፓርታማ የምትኖሩ ከሆነማ ጎረቤት እንዳይጠላችሁ ፀጉሩን በብሩሽ ጥረጉት።

አንድ ብልሃት ልጨምር። ጊኒ ፒግ ከሚበላው አብዛኛው ድርቆሽ ነው፣ ቀን ከሌሊት ያላምጣል፣ እያላመጠም ይጸዳዳል። ይህን ልማዱን ተጠቀሙበት። የቤቱን አንድ ጫፍ ማዕድ ቤት አድርጉት፦ ከተረፈው ኮሮፕላስት ጠርዙ ዝቅ ያለ ትንሽ ሳህን ሥሩ፣ ሰጋቱራ ሙሉበት፣ ድርቆሹን እዚያ ላይ አድርጉ። ቆሻሻው አብዛኛው አንድ ቦታ ይሰበሰባል፣ በየቀኑ የምታጸዱትም ያቺን ሳህን ብቻ ትሆናለች። ድርቆሹ ለትልልቆቹ ቲሞቲ የሚባለው ሣር ይሁን፤ አልፋልፋ ካልሲየሙ ስለሚበዛ ለግልገልና ለእርጉዝ ነው። ቫይታሚን ሲ ደግሞ እንደ እኛው ሰውነታቸው ስለማይሠራ፣ በየቀኑ የማያቃጥለውን ትልቁን ቃሪያ ቁራጭ ስጧቸው።

መደበቂያ ሁለት ይሁን፣ እያንዳንዱም ሁለት በር ይኑረው። የጫማ ካርቶን ይበቃል። በሩ አንድ ከሆነ ጉልበተኛው በሩ ላይ ይቆምና ሌላውን ያፍነዋል፣ በተለይ ወንዶች። የውሃ ጠርሙሱም ሁለት ቢሆን ጠብ ይቀንሳል።

የት ይቀመጥ? ከመሬት ከፍ ብሎ ጠንካራ ጠረጴዛ ላይ ቢሆን ይሻላል፣ ከላይ የሚመጣ ጥላ ያስደነግጣቸዋል። ጠረጴዛው ግን ሳህኑን ሙሉ ይሸከም፣ ኮሮፕላስት አየር ላይ ከተንጠለጠለ ይጎብጣል። ከማሞቂያው፣ ከኤሲው አፍና ከመስኮት ፀሐይ አርቁት። ከ18 እስከ 24 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይመቻቸዋል፣ ከ27 ካለፈ በሙቀት ሊሞቱ ይችላሉ፣ ስለዚህ በበጋ ጋራዥ አይታሰብም። ድመት፣ ውሻ ወይም ሕፃን ካለ 8 ፍርግርግ ጨምራችሁ ክዳን ሥሩ። ከጥንቸል ጋር ደባል አታድርጓቸው፣ ጥንቸሏ ምንም የማትሆንበት ጀርም እነሱን የሳንባ ምች ያስይዛቸዋል።

አዲስ አበባ ያላችሁ ኮሮፕላስት ካላገኛችሁ ከእንጨት ፍሬም ሠርታችሁ ግድግዳውን ቀዳዳው ጠበብ ያለ ሽቦ አልብሱት፣ ወለሉን ደግሞ በፕላስቲክ ምንጣፍ ሸፍናችሁ ጠርዙን ወደ ላይ አጥፉት። እንጨቱ ቀለም ወይም ቫርኒሽ የተቀባ አይሁን፣ ይበሉታል። ማታ ውጪ አይደር፣ ድመትና አይጥ አለ።

ነጠብጣብ ሽንት ደርቆ ሰሌዳው ላይ ነጭ ሲሆን ሳሙና አይበግረውም፤ አቼቶ አፍስሱበት፣ አሥር ደቂቃ ጠብቁ፣ ይለቃል።