የአንዱን መኪና የአሎይ ቸርኬ በሌላ ብራንድ መኪና ላይ እንዴት መግጠም ይቻላል

የቶዮታ ያሪስ የአሎይ ቸርኬ ሱዙኪ ዲዛየር ላይ ሲጠጋ ያለ ትግል ይገባል። አራቱ ቀዳዳዎች ከአራቱ ቡሎኖች ጋር ልክ ናቸው፤ የሁለቱም የመሃል ቀዳዳ 54.1 ሚሊሜትር ስለሆነ የሞዞውንም (ቡሎኖቹን የያዘው፣ ከጎማው ጋር የሚዞረው ብረት) አንገት አቅፎ ይቀመጣል። ችግሩ የሚመጣው ዳዶው ሲታሰር ነው። የቶዮታ ቡሎን 12 በ1.5 ሲሆን የሱዙኪ 12 በ1.25 ነው፤ 12 የቡሎኑ ውፍረት፣ ሁለተኛው ቁጥር ደግሞ ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት ነው። ከቸርኬው ጋር ተያይዞ የመጣው የቶዮታ ዳዶ በሱዙኪ ቡሎን ላይ ሁለት ሦስት ዙር በእጅ ሄዶ ይነክሳል። እዚህ ላይ በአየር መፍቻ ከተገፋ እየጮኸ ይገባል፣ የጠበቀም ይመስላል፤ የቡሎኑን ጥርስ ግን በልቶታል። ጎማ በጉዞ ላይ እንዲወልቅ ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ስለዚህ ቀዳዳው መግጠሙ ብቻ አይበቃም። ሶማሌ ተራ ሄደው ያገለገለ ቸርኬ የሚገዙ ከሆነ ቬርኒየር ካሊፐር፣ አንድ ቀጥ ያለ ማስመሪያና ከራስዎ መኪና የተፈታ አንድ ዳዶ ይዘው ይሂዱ።

የቡሎን ቀዳዳዎቹን መለካት

ባለ አራት ቀዳዳ ቸርኬ ቀላል ነው። ከአንዱ ቀዳዳ የግራ ጠርዝ እስከ ትይዩው ቀዳዳ የግራ ጠርዝ ይለኩ፤ ከመሃል እስከ መሃል ያለውን ያገኛሉ። ባለ አምስት ቀዳዳ ላይ ትይዩ ቀዳዳ ስለሌለ ጎን ለጎን ባሉት በሁለቱ መሃሎች መካከል ለክተው በ1.701 ያባዙ። 58.8 ሚሊሜትር ካገኙ 5 በ100 ነው፣ ማለትም አምስት ቀዳዳ በ100 ሚሊሜትር ዲያሜትር ክብ ላይ፤ 65.8 ከሆነ 5 በ112፣ 67.2 ከሆነ 5 በ114.3፣ 70.5 ከሆነ ደግሞ 5 በ120።

112 እና 114.3 በአጎራባች ቀዳዳዎች መካከል ያላቸው ልዩነት ከአንድ ሚሊሜትር ተኩል በታች ነው፤ በዓይን አይታይም። የፎልክስዋገን ቸርኬ 5 በ112፣ የቶዮታ ራቭ 4 ደግሞ 5 በ114.3 ነው። አንዱ በሌላው ላይ በግድ ሲታሰር ዳዶዎቹ በአንድ ጎናቸው ብቻ ይቀመጣሉ፤ ቡሎኑ ይጎብጣል፣ ከጊዜ በኋላም ይበጠሳል። በአሮጌዎቹ የላዳ ታክሲዎችም ያው ነው፦ ላዳ 4 በ98 ነው፤ 4 በ100 ቸርኬ ሲገባለት በሁለት ሚሊሜትር ልዩነት ቡሎኖቹ ተጣመው ይታሰራሉ። «ትንሽ ይጠብቃል እንጂ ይገባል» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ቸርኬውን ይተዉት።

የመሃል ቀዳዳ

የሂዩንዳይ ቱሳን ቸርኬ 67.1 ነው፤ የራቭ 4 ሞዞ አንገት 60.1። ሁለቱም 5 በ114.3 ስለሆኑ ቸርኬው ይገባል፣ በመሃል ግን የሰባት ሚሊሜትር ክፍተት ይኖራል። ይህን ለመሙላት የውጭው ዲያሜትር 67.1፣ የውስጡ 60.1 የሆነ የመሃል ቀለበት ይገባለታል። ቀለበት ከሌለ ቸርኬው ከመሃል በጥቂቱ ሸሽቶ ሊታሰር ይችላል፤ ጎማው በማሽን ባላንስ ቢደረግም ከ80 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ መሪው ይንቀጠቀጣል። ባለቤቱ ባላንስ ደጋግሞ ያስደርጋል፣ ምክንያቱን ግን አያገኘውም።

በተቃራኒው የራቭ 4 ቸርኬ ቱሳን ላይ አይገባም። ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋት ይቻላል፤ ሆኖም መሃሉን በትክክል ያልያዘ ቶርኖ ቸርኬውን ለዘለዓለም ያበላሸዋል። ሌላ ቸርኬ መፈለግ ይሻላል።

ኦፍሴትና ስፋት

በቸርኬው ጀርባ ወይም በክንዶቹ ውስጠኛ ገጽ ላይ «15 በ6 ጄ» እና «ኢቲ 45» የመሰለ ጽሑፍ ተቀርጿል። 15 የቸርኬው ዲያሜትር፣ 6 ደግሞ ስፋቱ ነው፤ ሁለቱም በኢንች። ኢቲ፣ ማለትም ኦፍሴት፣ ሞዞው ላይ የሚያርፈው ገጽ ከቸርኬው ስፋት አጋማሽ ወደ ውጭ ስንት ሚሊሜትር እንደራቀ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ጊዜ ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል።

የቆየው ቸርኬ 5.5 ጄ ኢቲ 45፣ አዲሱ 6.5 ጄ ኢቲ 40 ነው እንበል። አንድ ኢንች 25.4 ሚሊሜትር ነውና የመጀመሪያው ስፋት 139.7፣ የሁለተኛው 165.1 ነው። የስፋቱን ግማሽ ከኢቲ ጋር ሲደምሩ ወደ ውስጥ፣ ከግማሹ ላይ ኢቲውን ሲቀንሱ ወደ ውጭ ያለው ይወጣል። በዚህ ስሌት አዲሱ ቸርኬ 7.7 ሚሊሜትር ወደ ሾክ አብዞርበሩ ይጠጋል፣ 17.7 ሚሊሜትር ደግሞ ወደ ፓራፋንጎው ይወጣል። አሁን በመኪናዎ ላይ ያለውን ክፍተት በጣትዎ ሳይሆን በማስመሪያ ይለኩ፤ በውስጥ በኩል ቢያንስ 5 ሚሊሜትር መትረፍ አለበት። ጎማው በጣም ሲወጣ የሞዞው ኩሽኔታ ቶሎ ያልቃል፣ መሪውም ጉድጓድ በመታ ቁጥር እጅ ይነጥቃል።

የጎማውን ቁመትም ያስሉ። በ185/65 አር 15 ላይ 185 የጎማው ስፋት በሚሊሜትር፣ 65 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው፤ የጎኑን ቁመት ሁለት ጊዜ ወስደው ከቸርኬው ዲያሜትር ጋር ይደምሩ። 185/65 አር 15 ቁመቱ 621.5 ሚሊሜትር ነው፤ 195/60 አር 15 ደግሞ 615 ነው፣ ልዩነቱ አንድ በመቶ ገደማ ስለሆነ ችግር የለውም። 195/65 አር 15 ግን 634.5 ይደርሳል፤ ከሁለት በመቶ ያልፋል፣ ቆጣሪው ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ያሳያል፣ መሪ እስከ መጨረሻ ሲጠመዘዝም ጎማው ሊፈገፍግ ይችላል።

የዳዶው መቀመጫ

ብዙ ሰው የሚስተው ይህን ነው። የዳዶ መቀመጫ ሦስት ዓይነት ነው፦ ሾጣጣ፣ እንደ ኳስ ክብ፣ እና ጠፍጣፋ። የሆንዳ ፋብሪካ ቸርኬ ክቡን ይፈልጋል፤ ፎልክስዋገንም ክብ ነው፣ ግን ዳዶ ሳይሆን ሞዞው ውስጥ የሚገባ 14 በ1.5 ቡሎን ይጠቀማል። ብዙዎቹ የቶዮታ ፋብሪካ አሎይ ቸርኬዎች ጠፍጣፋ ራንዴላና ወደ ቀዳዳው የሚገባ አንገት ያለው ዳዶ ይፈልጋሉ። ከፋብሪካ ውጭ የተሠሩት በአብዛኛው ሾጣጣ ናቸው።

ሾጣጣ ዳዶ ለጠፍጣፋ በተሠራ ቀዳዳ ላይ ሲታሰር የሚይዘው በቀጭን መስመር ብቻ ነው። አሉሚኒየሙ እዚያች መስመር ላይ ይደቀቅና ዳዶው ይላላል። ለማረጋገጥ የዳዶውን መቀመጫ በማርከር ቀለም ይቀቡ፣ በእጅ መፍቻ ለስለስ አድርገው አስረው ይፍቱት፣ ከዚያም ቀዳዳውን ይዩ። ቀለሙ ሰፋ ባለ ሙሉ ቀለበት ከታተመ ልክ ነው። እንደ ክር የቀጠነ መስመር ወይም ግማሽ ጨረቃ ከታየ ዳዶው የዚያ ቸርኬ አይደለም።

ለዲዛየሩ የሚያስፈልገው እንግዲህ ጥርሱ የሱዙኪ 12 በ1.25 የሆነ፣ መቀመጫው ግን የቶዮታው ጠፍጣፋ፣ አንገቱም በቀዳዳው ልክ የሆነ 16 ዳዶ ነው። ዳዶው በጣት ብቻ እስከ መቀመጫው መሄድ አለበት። ዙሩን ይቁጠሩ፦ የ1.5 ጥርስ ቢያንስ 8፣ የ1.25 ደግሞ ወደ 10 ዙር መያዝ ይኖርበታል። ከዚያ ካነሰ ቡሎኑ ለቸርኬው ውፍረት አጥሯል።

ሁኔታውና የሚሸከመው ክብደት

በጀርባው «ማክስ ሎድ» ተብሎ የተጻፈው ኪሎ ከመኪናዎ ከባዱ አክስል ጭነት ግማሽ ማነስ የለበትም። ከያሪስ ተፈትቶ የመጣ ቸርኬ ሁለት ቶን የሚሆን የኤሌክትሪክ መኪና ላይ አይታሰብም። ውስጠኛውን ጠርዝ በጨርቅ ጠርገው በመብራት ይፈትሹ፤ ጉድጓድ የመታው ቸርኬ የሚሰነጠቀው እዚያ ነው። ብየዳ ካዩበት አይግዙት።

አገጣጠም

ጎማ ሳይገባበት ባዶውን ቸርኬ መጀመሪያ ይሞክሩ። መኪናውን ደልዳላ ቦታ ያቁሙ፣ የእጅ ፍሬን ይያዙ፣ ሌላውን ጎማ በድንጋይ ያስደግፉ፣ በክሪክ ያንሱ። የሞዞውን ፊት በሽቦ ብሩሽ ብረቱ እስኪታይ ይጥረጉ። ቸርኬውን የሚይዘው ዳዶዎቹ ሲጨምቁት በሁለቱ ገጾች መካከል የሚፈጠረው ሰበቃ ስለሆነ፣ ዝገት፣ ግራሶ ወይም ወፍራም ቀለም በመሃል ካለ ቆይቶ ይላላል። ቡሎኑን ዘይት አይቀቡ።

ቸርኬውን አስገብተው በእጅዎ ያዙሩት። ከፍሬን ካሊፐሩ ቢያንስ 3 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። በውስጥ የሚለጠፈው የባላንስ እርሳስም ቦታ እንደሚፈልግ አይርሱ።

ጎማው ገብቶ ባላንስ ከተደረገ በኋላ ሁሉንም ዳዶዎች በእጅ ያስጀምሩ፣ ከዚያ በትይዩ ቅደም ተከተል ለስለስ አድርገው ይሰሩ። መኪናውን አውርደው በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ መፍቻ) ይጨርሱ። የቶዮታ ያሪስ ልክ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ሱዙኪ እንደ ሞዴሉ ከ85 እስከ 100 ይሰጣል። የሚከተሉት የመኪናውን መመሪያ ነው፣ የቸርኬውን አይደለም።

መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻ ያዙሩ። አራት ሰው ጭነው የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ላይ በቀስታ ያሳልፉት፣ የፓራፋንጎውን ውስጥም ጎማው የፈገፈገው ቦታ እንዳለ ይዩ። ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ጎማዎቹ ቀዝቅዘው ሳሉ ዳዶዎቹን በዚያው ልክ እንደገና ይፈትሹ።

የቆዩትን ዳዶዎች አይጣሉ። ስኮርታው (ትርፍ ጎማው) የብረት ቸርኬ ከሆነ ጠፍጣፋው ዳዶ አይይዘውም፤ መንገድ ላይ ጎማ ሲተነፍስ የሚያስፈልጉት የፋብሪካው አራት ዳዶዎች ናቸው። በከረጢት አድርገው ከክሪኩ ጋር ያስቀምጧቸው። በቡሎን የሚታሰር መኪና ላይ ደግሞ ለአሎዩ የተገዛው ረጅም ቡሎን በቀጭኑ የብረት ስኮርታ በኩል አልፎ የፍሬን ዕቃዎችን ሊመታ ስለሚችል፣ አጭሮቹም እዚያው ይቀመጡ።