የማርት ጎቲዬን የሕይወት ታሪክ እንዴት መጻፍ ይቻላል?

የፈረንሳዊቷን የሕፃናት ሐኪም የማርት ጎቲዬን (1925–2022 እ.ኤ.አ.) ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው በልጅነቷ ላይ ብዙ ባይቆይ ይመረጣል፤ ከገበሬ ቤተሰብ መወለዷንና እ.ኤ.አ. በ1955 የሕፃናት ልብ ሕክምና ለመማር ወደ ሃርቫርድ ሄዳ ሕዋስ የማራባት ዘዴን ለምዳ መመለሷን መግለጽ ይበቃል።

ሰፊውን ቦታ ለፓሪሱ ትሩሶ ሆስፒታል ይስጡ። የዳውን ሲንድረም (ከልደት ጀምሮ የሚኖር፣ የአእምሮና የአካል ዕድገትን የሚያዘገይ ሁኔታ) መንስኤ ከክሮሞዞም፣ ማለትም በሕዋስ ውስጥ የዘር መረጃን ከሚይዘው አካል ጋር ሳይያያዝ አይቀርም የሚለው ሐሳብ የአለቃዋ የሬይሞን ተርፓን ነበር፤ ዘዴውን የምታውቀው ግን እሷ ነበረች። በጀት ስላልነበራት ዕቃውን በራሷ ብድር ገዝታ፣ ለማራቢያው የሚያስፈልጉትን የደም ፈሳሾች፣ ሴረሙን ከገዛ ደሟ፣ ፕላዝማውን ከአውራ ዶሮ እየቀዳች ሕዋሳቱን አራባች፤ በጤናማ ልጆች 46፣ ሲንድረሙ ባለበት ልጅ ደግሞ 47 ክሮሞዞም ቆጠረች። ይህን ዝርዝር አይዝለሉት፤ ግኝቱ የማን ነው የሚለው ክርክር የሚመዘነው በዚሁ ነውና።

ወደ ክርክሩ ሲገቡ ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። ፎቶ የሚያነሣ ማይክሮስኮፕ ስላልነበራት ሕዋሳቱ ያሉባቸውን ስላይዶች (ስስ መስታወቶች) ለባልደረባዋ ለዠሮም ለዠን ሰጠች፤ በጥር 1959 እ.ኤ.አ. በታተመው ጽሑፍ ግን የለዠን ስም ቀድሞ፣ የእሷ ስም ሁለተኛ ሆኖ፣ ያውም ተሳስቶ ወጣ። ለዠንን ሌባ አድርጎ መሣል ግን በእኔ እምነት ተገቢ አይደለም፤ የደጋፊዎቹም መከራከሪያ በአግባቡ ይስፈር። ከዚያ የፈረንሳዩ የሕክምና ምርምር ተቋም፣ የኢንሰርም የሥነ ምግባር ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2014 የተርፓንና የጎቲዬ ድርሻ ለግኝቱ መሠረታዊ እንደነበር መግለጹን ያክሉ።